ያለ ፈቃድ

ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ጨለማው ሳይገፈፍ፣
ካያኒ ጦር ሰፈር በረዶ ሲረግፍ፣
ሃምሳ አለቃ ኩርቪነን ስም ጠራ በተራ፦
«ሄይኖ?» «አቤት!» «ሁታ?» «አቤት!»
«ሂልቱነን? ቬርኔሪ ሂልቱነን?»
ዝም።
ከአጥሩ ወዲያ አንድ ጥድ ጭነቱን አራገፈ።

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ መሣሪያዬ ብዕር፣
ሥራዬ መመዝገብ፣ ማን አለ፣ ማን ቀረ፣ ማን ወጣ ከሰፈር።
መዝገቡን ገለጥሁት። አንድ ቃል ይበቃል፦
«ጠፋ» ይላል ዓምዱ፤ ከጎኑም «ያለ ፈቃድ» ይላል።
ለምን እንደጠፋ የሚጠይቅ ሣጥን
አታሚው ዘንግቶት፣ ወይ ወረቀት አጥሮት፣ አላስቀመጠልን።

እኔ ግን አውቃለሁ፤ ዛሬ አይደለም የጠፋው።

መጀመሪያ የጠፋው እንቅልፉ ነበረ፤
በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ሌሊት፣ ወጣ እንዳለ ቀረ።
ከታች አልጋ ሆኜ ከላይ ሽቦው ሲጮህ እሰማለሁ፣ ዝም።
ለጠፋ እንቅልፍ ውሻ አይለቀቅም፣ አሰሳ አይወጣም።

ቀጥሎ አምሮቱ፦ ሰባት ቁራጭ ዳቦ፣ ጥቁር፣ የደረቀ፣
ከትራሱ በታች እንደ ጥይት ተርታ ቆሞ የጠበቀ።

ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ሁታ ሲያወራ ቤቱ ሲንከተከት
እሱ እጁን ያጥባል። ደግሞ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት፣
ቆዳው እስኪሰነጠቅ፣ ሳሙናው እስኪያልቅበት።

«ምን ነካህ?» አልሁት አንድ ቀን። «ምንም» አለኝ።
ድምፁ ግን ከእሱ ሳይሆን ከግድግዳው ነበር የመጣልኝ፤
ድምፁም ጠፍቷል ማለት ነው። አልመዘገብሁም። እንቅልፍ ያዘኝ።

ክሊኒክ ሄዶ ነበር። ቅጹ በእኔ እጅ ነው ያለፈው፦
«ትኩሳት፦ የለም። ሳል፦ የለም። እግሩ፦ ደህና ነው።»
ሁለት ፍሬ ማስታገሻ አስጨብጠው መለሱት፤
አንዱን ራሱ ዋጠው፣ አንዱን ለሁታ ጉልበት ሰጠው።

ይህ ሁሉ ሲጠፋ ደወል አልተደወለም፤
ያለ ፈቃድ የሄደን እንቅልፍ፣ ያለ ፈቃድ የሄደን ሳቅ ማንም አልከሰሰም።
እግሩ ሲከተላቸው፣ ጫማው ከበር ሲወጣ ነው
ሰው ጎደለ ያልነው።

ፈለግነው። ባቡር ጣቢያ። መናኸሪያ። የሐይቁ ዳር።
ሐይቁ ጋ ሲደርሱ ፈላጊዎች ድምፃቸውን ይቀንሳሉ።
ሄይኖ ለዓሣ በተቦረቦረ የበረዶ ጉድጓድ ውስጥ
ባትሪ ሲያበራ አየሁት፤ አየኝ። አልተነጋገርንም።
ኩርቪነን ሰኞ «ፈሪ!» ብሎ ነበር፤ ማክሰኞ አላለም፤
ልጁ ሌላ ጦር ሰፈር ነው። ስልኩን አንሥቶ ያዘው፣ አልደወለም።

ከምሳ በኋላ ስልክ ጮኸ። ሴት ናት። «አክስቱ ነኝ፣
ሲርካ፣ ከሶትካሞ። ትናንት ማታ ሳውና ቤቴ ውስጥ አገኘሁት።
ክብሪቱን ሁሉ ጨርሶ ምድጃው እንቢ ብሎታል፤
መለዮውን አጥፎ፣ ጫማውን በር ላይ አሰልፎ፣
መደቡ ላይ ራሱም እንደ ልብስ ታጥፎ።
እሳት አነደድሁ። ምንጣፍ፣ ካፖርት፣ ያለኝን ሁሉ ደረብሁበት።»
ቆየች። «ተኝቷል» አለች። «እስካሁን ተኝቷል።
ሲነቃ ሐኪም ዘንድ አብሬው እገባለሁ፤ እግሩን ለሚያይ ሐኪም አይደለም።
እናንተም ኑ፤ መምጣታችሁ አይቀርም። ግን ቀስ ብላችሁ።
ቀስቅሱት የሚል ካለ መጀመሪያ በሩ ላይ እኔን ያገኘኛል።»

መዝገቡ ፊቴ ነው። የመጨረሻው ዓምድ
«የተመለሰበት ቀን» ይላል።
ብዕሩን በትንፋሼ አሞቅሁና ጻፍሁ፦
እንቅልፉ፦ ሰኞ ማታ።
እሱ፦ ገና።

ኩርቪነን ከኋላዬ ቆሞ አነበበው።
«አጥፋው» አላለኝም።
መብራቱንም ሳያጠፋ ወጣ።