ስምንተኛው ገጽ

ከአልጋዬ ሥር ሆኗል፣ የመጽሐፌ መጋዘን፤
አምስት መቶ ቅጂ፣ በሃያ አምስት ካርቶን።
ድመቴ አኩርፋለች፣ ቦታዋን ወሰድን።

የሌሊት ወፍ አለች፣ ከግንቡ ጣሪያ ላይ፣
ተዘቅዝቃ ውላ፣ ጎብኚዎችን ስታይ፣
«ምስኪን ሰዎች» ትላለች፣ «ምነው ተሰቀሉ?
እግራቸው ተጣብቆ፣ እንዴት ያድራሉ?»
ይኸው ነው ተረቱ። «ምን ያስተምራል?» አለች
አብራኝ የምታስተምር፣ ትሁኔ የምትባል፤ መልስ ሳትሰማ ሄደች።

ሥዕሉ የአለልኝ ነው። ታፔላ ይጽፋል፤
ለሥጋ ቤት በሬ፣ ለፀጉር ቤት ጎፈሬ፣ ለባጃጅ አንበሳ ይሥላል።
የሌሊት ወፍ ግን ሥሎ አያውቅም ነበር፤
ሦስት ሌሊት አመሸ፣ ከቀሃ ድልድይ ሥር፣
አንጋጦ ሲያጠና፣ የክንፏን መታጠፊያ፣ የጆሮዋን ዳር።
ሲያመጣው በቀለም፣ በዚያው በበር ቀለም ሠርቶታል፤
ክንፏን ብነካ ጊዜ፣ ጣቴ ጠቁሮ ሰንብቷል።
«ዋጋህስ?» ብለው «ስትሸጭ» አለኝ፤ ይኸው
እስከ ዛሬ ድረስ፣ ከሩቅ ባየሁት ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ።

ዕቁቤ ወጣልኝ። ፍሪጅ ነበር ሐሳቤ።
ለማተሚያ ቤት ሰጠሁት፣ አፌ ደርቆ፣ ፈርቶ ልቤ።
ጋሼ ማንደፍሮ፣ የሠርግ ካርድ አታሚ፣
የኔን ሠርግ ሲጠብቅ፣ ሆንኩበት አሳታሚ።
«ባለ ቀለም» አለኝ፣ «ውድ ነው፣ አንች ልጅ፤
መብራት ካልጠፋብን፣ ቅዳሜ ይደርሳል እንጅ።»
ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ጠፋ ማክሰኞም ደግሞ።
በአሥራ አምስተኛው ቀን በጋሪ መጣልኝ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ ታትሞ።

ገለጥኩት። አንድ፣ ሁለት… ስምንት ላይ ደረስኩኝ።
ስምንተኛው ገጽ ተገልብጦ ታትሟል።
ቁጭ አልኩኝ።
ወፏ እንደ ሰው ቆማ፣ ጣሪያው ወለል ሆኖ፣
ሰዉ ሁሉ ከነካሜራው፣ በጫማው ተንጠልጥሎ ባክኖ።
ሌላውን ከፈትኩት። ያው ነው። ሌላውንም።
አምስት መቶ ጊዜ ሲሳሳት፣ አንዱን እንኳ በስሕተት አላስተካከለም።

ፒያሳ ባለሱቁ፣ ሽፋኑን እንኳ ሳያይ፣
«የሚሸጠው የማትሪክ ጥያቄ ነው፤ ተረት በአፍ አለ አይደለም ወይ?
አምስት ተይልኝ፤ አርባ በመቶው የኔ።»
አስቀመጠው ከኋላ፣ ከአሮጌ መዝገብ ሥር፣ ወይኔ!
ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት፤ ሦስት መቶ ሰው ወደደ፣
«ኮራንብሽ» አለኝ፤ ሊገዛ ግን አንድም አልሄደ።
ከኋላ መስታወቱ፣ በአጎቴ ልጅ ባጃጅ፣
ወፏን ለጠፍናት፤ አዘዞ ደርሳ ስትመለስ
ክንፏን ዝናብ በልቶት፣ ቀርታለች የአይጥ ልጅ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ከጃንተከል ዋርካ ሥር፣
የሎተሪ አዟሪውን ሞንታርቦ ተበድሬ፣ ድምፄ ይርድ ነበር።
ሰባት ልጅ፣ ሁለት ሊስትሮ፣ ጫማው እስኪያልቅ የታሰረ አንድ ሰውዬ።
ስምንትን ልዘል ስል፣ በአውራ ጣቴ ይዤ፣
ጥርሰ ወላቃዋ ምጥን፣ «ስምንት የታለ፣ እትዬ?»

ገለጥኩት። ፊቴ ጋለ። «ማተሚያ ቤቱ ነው…» አልኩኝ።
መች ሰማችኝ።
መጽሐፉን አላዞረችም። ጎንበስ አለች፣
በሁለት እግሯ መሃል፣ አሾልካ አየች፤
«ነቅታ ነው!» አለች። «ሰዎቹን ልትጠይቅ ሄደች!»
ስድስቱም ጎነበሱ። አንዱ ሊስትሮም ብሩሹን ጥሎ።
ሞንታርቦው እጄ ላይ ጮኸ፣ ሳይጠይቁት፣ ሲጥ ብሎ።

ሰውዬው፣ አንድ ጫማው ጥቁር፣ አንዱ አቧራማ፣
«ስንት ነው?» «መቶ ሃምሳ።» «መቶ ሃያ።» «እሽ።» «በይ ፈርሚ እንግዲያ፣ ደራሲ ነሽማ።»
ፈረምኩ። ፊርማዬ ያው፣ የደመወዝ ቀን ፊርማ።

አራት መቶ ዘጠና አራት፣ ይቀራል ከአልጋው ሥር።
ስልሳ ብር ይዤ ሄድኩ፣ አለልኝ ዘንድ፣ መንገዴን ሳልቀይር።
መሰላል ላይ ነበር፣ የፋርማሲ እባብ ሲሥል፤ ከታች ሆኜ፣
ስምንተኛውን ገጽ ከፍቼ አሳየሁት።
ከላይ ቁልቁል አየው፣ ከወዲያ በኩል፣ ብሩሹን እንደያዘ።
«ደህና ወጥቷል» አለኝ።
እኔም አልነገርኩት።