የደግ ሰው ውኃ

ጓሮዬ ጠባብ ነው፣ ከግንብ እስከ ግንብ ሃያ አንድ እርምጃ፤
አፈሩ ጨው ያልበዋል፣ ነጣ ይላል እንደ አሮጌ ስጋጃ።
በብርዱ ወር በቦይ ውኃ ደጋግሜ አጥቤው፣
የበግ በጠጥ በላዩ ደልድዬ አልብሼው፣
ሚያዝያ ሲገባ ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ቋጥሬ፣
ሦስት ሌሊት እንደ ጫጩት በብብቴ አሳድሬ፣
ዐሥራ አራት ጉድጓድ ቆፈርሁ፤
በየጉድጓዱ ሦስት ጣልሁ፤
አንዱ ለጉንዳን፣ አንዱ ለውርጭ፣ የቀረው ለእኔ።
ኮሬዝም ውስጥ ሜሎን የሚጀመረው እንዲህ ነው።

ሐረጉ መሮጥ ሲጀምር ጫፉን በጥፍሬ ቀጨሁ፤
ከአንዱ ሐረግ ሁለት ፍሬ፣ ከዚያ በላይ አላስቀረሁ፤
ሌላውን የድንቢጥ እንቁላል ሳያክል በጥሼ ጣልሁ።
"ሆድሽ እንዴት ይችላል?" ይላል ማትናዛር ከግንብ ማዶ ሲጣራ፤
አርባ ዓመት ባቡር የነዳ፣ ለጥንዚዛ እንኳ የሚራራ።
ይችላል ሆዴ።
ጣፋጭ ነገር ጨካኝ እናት ይፈልጋል።

ከየፍሬው ሥር ስባሪ ሳህን አነጠፍሁ፣ እርጥቡ እንዳያበሰብሳቸው፤
የሠርጌ ሳህኖች ናቸው፣ ሰማያዊ፣ የጥጥ አበባ ያለባቸው፤
ግማሹን ከባሌ ጋር ስንጣላ፣ ግማሹን ብቻዬን ሳጥብ የሰበርኋቸው።

ሐምሌ መገባደጃ፣ ቆዳቸው ላይ መረብ ሲወጣ፣
ውኃ የሚነሡበት ጊዜ፣ ጥማቱ ስኳር እንዲያመጣ፣
የሐሞቴ ጠጠር ተነሣብኝ።
ኡርጌንች፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ዐሥራ አንድ ቀን አስተኛኝ።

ማትናዛር
የራሱን የቦይ ተራ ለቅቆ፣ የራሱን ቲማቲም አስጠምቶ፣
በግንባችን ስንጥቅ ሾልኮ፣ ባልዲ ይዞ በሌት ገብቶ
አጠጣልኝ።
ዐሥራ አንድ ሌሊት።
"ቅጠላቸው ቀትር ላይ ሲወድቅ አይቼ
እንዴት ልተኛ" አለኝ፣ "እኔ ሻይ ጠጥቼ?"

ፍሬዎቹ እስኪሰነጠቁ ጠግበዋል።
አንዱን ቆረስነው። ሽታ አለው፣ መልክ አለው፤
ጣዕሙ ግን የዱባ ያክስት ልጅ ነው።
ውኃ ወቅጬ ዋጥሁ።
"እንዴት ነው?" አለኝ።
"ማር" አልሁት።
ሐሞቴን ከፍተው ጠጠሩን እስከ መጨረሻው ለቀሙት፤
ይሉኝታዬን ግን ሐኪሞቹ አላገኙት።
እሱም ሁለተኛ ቁራጭ አላነሣም።

ከዶሮ ቤቱ ጀርባ፣ አመድ ከምደፋበት ቦታ፣
ማንም ያልዘራው አንድ ሐረግ ነበረ፣
ባልዲ ያልደረሰለት፣ ደግ ሰው ያላየው።
አንዲት ፍሬ፣ ጡጫ የምታህል፣ ቆዳዋ የአዛውንት ተረከዝ።
መስከረም ላይ በደንገል ጠልፌ ከጓዳው ወራጅ ሰቀልኋት።
ረሳኋት ብል ውሸት ነው፤ ማታ ማታ አሸታት ነበር።

በየካቲት፣ ቦዩ መስተዋት በሆነበት ማለዳ፣
ማትናዛር መፍቻ ሊዋስ መጣ፤ አፍንጫው ግን ወደ ጓዳ።
አወረድኋት። ቢላዋው ሲገባባት ሲጥ አለች።
በላን፤ ጣታችን እርስ በርሱ ተጣበቀ፤
ልጣጩን ብርሃን እስኪያሳልፍ ጋጠው፣ ዝም አለ፣ ከዚያ ጠየቀ፦
"ይቺ የየትኛውን ቦይ ውኃ ነው የጠጣችው?"
"የማንንም።"
ዘሯን አንድ በአንድ መሀረቡ ላይ ቆጠረ፣ ሰባ ሁለት፤
ለሁለት ከፈለው።
"ያን ቀን ግን ማር ነው ያልሽኝ።"
ምን ልበል። ሻይ ቀዳሁለት።
በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ፦
"ከርሞ እኔ ሆስፒታል ከገባሁ፣ አደራሽን፣ ጓሮዬን አታጠጪ።"
"ጠብታ አይነካውም" አልሁ።

ሚያዝያ ደግሞ መጣ።
ዘሩ ዘንድሮ በሁለት ሰው ብብት ነው የሚሞቀው።
ባልዲው እዚያው ግንቡ ሥር ተደፍቶ አለ።
ስንጥቁን ልደፍነው ጭቃ አቡክቼ ነበረ፤
ጭቃው ደርቆ ቀረ።