ከሰከንድ አንድ ስልሳኛ

እሑድ ነው። ሞንቴቪዴዮ ዓይኗን አልገለጠችም፤
እኔ ግን ዳቦ ስጋግር አደርኩ እንጂ አልተኛሁም።
ዱቄቱ ከቅንድቤ፣ ሊጡ ከጥፍሬ ሳይለቅ
ወረድኩ ወደ ገበያው፣ ከግርግሩ ልደባለቅ።

በየጥጋጥጉ ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፎ
የሰው ዕድሜ ይሸጣል፣ ተደርድሮ፣ ተቃቅፎ፦
ጥንዱ የጠፋ ጫማ፣ ቁልፍ የሌለው ሳጥን፣
በቀቀን ከነጎጆው፣ የቆመ ሰዓት፣ ሚዛን።
ዶን ኤሊሴዎ ካሜራ እንደ ዓሣ ይደረድራል፤
በጀርባቸው ሲጋደሙ ዓይናቸው ሰማይ ያያል።

«ስንት ነው ይሄ?»
«አራት መቶ።»
«ለዚህ ሬሳ?»
«ኧረ ሬሳስ አይደለም፤ ሽማግሌ ነው፣ የረሳ።
ፍጥነቱን ሁሉ ዘንግቶ አንዲቷን ብቻ ያስታውሳል፤
በፈለግከው ብታዞረው እሷኑ ይመልሳል፦
ከሰከንድ አንድ ስልሳኛ።»
«ሌንሱስ?»
«ጥጉ ላይ ሻግቷል።
ዳቦ ጋጋሪ አይደለህ? ሻጋታ መች ያስፈራሃል?»
«የብርሃን መለኪያውስ?»
«እሱስ ሞቷል፣ ነፍስ ይማር።
ሁለት ዓይን ሰጥቶህ የለ? በል እሱን ማሠራት ጀምር።»

ሦስት መቶ ሃምሳ ቆጥሬ ሁለት ትኩስ ዳቦ መረቅኩ፤
ካሜራውን እንደ ሊጥ በጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ።

ማንገቻው የሽርጤ ማሰሪያ፤ የፀሐይ መከለያው
የእርሾ ቆርቆሮ ነው፣ ጠርዙን የሞረድኩት እኔው።
ፊልሙ ቀኑ ያለፈበት፣ ከመድኃኒት ቤት ጓዳ፤
ሻጩም ተገላገለው፣ እኔም አልገባሁ ዕዳ።

ብርሃን እንደ ሊጥ ነው፤ መዳፍ ያውቀዋል ከመጽሐፍ ይልቅ።
ግድግዳ ሲነጣ፣ የውሻ ጥላ ሲጠቁር፣ ሲደምቅ
ቀዳዳውን አጠባለሁ፤ ሲዳምን እከፍታለሁ፤
መዝጊያው በሐምሌ ውርጭ ሲገግም ብብቴ ስር አሞቀዋለሁ።
ፍጥነቷ አንዲት ናትና፣ የሚሮጠውን ትቼ
የሚቆምልኝን ወደድኩ፣
እንደ ድመት አድፍጬ፣ ሰዓቴን ሰጥቼ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ወንዙ ወተት ያየ ሻይ መስሎ፣
ከጠዋት እስከ ማታ ዞርኩ፣ ካሜራው ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ።
ኦቱሊያን አነሳኋት፣ መቃዋ ጎብጦ፣
ዓሣዋ ከውሃ ወጥቶ፣ እጇ ሳይደርስ፣ አየር ረግጦ።
(ይደበዝዛል፣ አውቃለሁ። ይደብዝዝ።)
የሁለት መነኩሲት ጫማ ድንጋይ ላይ፣ እግራቸው ውሃ ውስጥ፤
ጀልባ ቀቢው ከጢሙ ላይ ሰማያዊ ቀለም ሲያራግፍ፤
ሕፃን በአባቱ ኮፍያ ሥር አፉን ከፍቶ ሲያርፍ።
ሠላሳ አራት። ሠላሳ አምስት።
ሠላሳ ስድስት ላይ ማንሻው መቆም ነበረበት፤ አልቆመም።
ሠላሳ ሰባት… አርባ።
ሆዴ ባባ።
በጨለማ ከፈትኩት፣ ከምድጃው ጀርባ፦
ፊልሙ ጥርሱን አልነከሰም፣ እጥፋቱ ላይ ተኝቷል፤
ቀኑን ሙሉ ስጠቅስ ውዬ፣ እሱ ጨለማ ጠጥቷል።

ሊጥ እያቦካሁ ሳቅሁ። ከዚያ፣ ቡጢዬ ሊጡ መሃል ላይ፣
አንድ በአንድ መጡልኝ፦ የዓሣው ሆድ፣ ሲገለበጥ ከሰማይ፣
በግራው ጫማ ውስጥ የገባው አሸዋ፣
ከቀቢው ጆሮ ጀርባ የተረሳችው ሲጋራ፣
የሕፃኑ የላይ ከንፈር፣ ወተት የደረቀበት።
ካጠብኩት ፊልም ሁሉ እንዲህ ጥርት ያለ የለኝም፤
ለማን ላሳየው ግን? ግድግዳ ላይ አይሰቀልም።

በማግስቱ ወረድኩ።
«ፎቶዬስ?» አለች ኦቱሊያ።
«እንደገና ቁሚልኝ።»
«ዓሣውስ?»
«አንቺ ነሽ የምታውቂው።»
«በሎሚ በላነው።»
መንጠቆዋን ወረወረች። እኔ ጥቅልሉን አስገባሁ፤
ጥርሱን ሲነክስ አየሁት፤ ማንሻውን ስስብ
የላይኛው ቁልፍ እንደሚዞር በጣቴ ዳሰስኩ፣
አንዴ፣ ደግሞ አንዴ።
ተቀመጥን። ክሩ ውሃው ላይ ተጋድሟል።
ሁለታችንም ገና ምንም አልያዝንም።