የበር ደወል

ደወሉን ያገኘሁት ከፈረሰ ቤት ነው፣
ሽቦው ተጎልጉሎ፣ ቁልፉ ዝጎ ደርቆ፤
ባለቤቱ ሞቶ፣ ማን እንደደወለው፣
ማን ደጅ እንደቀረ እሱ ብቻ አውቆ።

አራት የጠርሙስ ክዳን በጣውላ ላይ መትቼ፣
አራት ቀጭን ሽቦ ከባትሪ ጎትቼ፣
አስራ አራት ቁጥር ክፍል፣ ከማሞቂያው ጎን
ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። እንዲህ ጀመርን።

ኅዳር ነው በዛሞሽች። በአስር ሰዓት ይመሻል፤
የአደባባዩ ድንጋይ እንደ ዓሣ ጀርባ ያብለጨልጫል።
ልጆቹ ከሰልፍ ይመጣሉ፣ ከስክሳቸው ጭቃ ለብሶ፣
የደንብ ልብሳቸው ትከሻ በዝናብ ርሶ፤
ተጠንቀቅ ይቆማሉ፣ «አሳርፍ» እስክል ድረስ፣
እኔ የፊዚክስ መምህሩ፣ ጠመንጃ ነክቶ የማያውቅ ነፍስ።

ብዋዤይ ጥያቄው ሳያልቅ ይደውላል፤
«በየትኛው ዓመት…» ስል፣ «ቪስዋ!» ይላል።
ሳቁ ሲበርድ አንድ ተረት አወጣሁ ከአፌ፣
«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች»፣ ቋንቋዬን በቋንቋቸው አጣጥፌ።
«ምኑን ነው ያፈሰሰችው?» አለኝ።
ስልሳ ሁለት ዓመት ኖሬ
ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር እስከዚያን ዕለት፣ እስከ ዛሬ።

ቲሞን ያውቃል። ጣቱ ግን አያውቅም።
ክዳኑ ላይ ያንዣብባል እንጂ አይወርድም።
ሌላው ሲደውል የሱ ከንፈር መልሱን ይላል፣
ድምፅ የለውም፤ መስኮት ላይ የሚቀር ትንፋሽ ያህል።

ካሊና አለቃ ናት፤ እርሳስ ጠጉሯ ውስጥ ሰክታ፣
ስህተት ታሳልፋለች፤ አትምርም ዝምታ።
ኦልጊየርድ ካርታ ነው፤ ወንዙን ይነግርሃል ከነገባሩ፣
የቤቱን ቁልፍ ግን ሁሌ ይረሳዋል በበሩ።

ዶብሮሚዋ ጥያቄ ጻፊያችን ነች፤
ከአባቷ ዳቦ ቤት የዱቄት ከረጢት እየቀደደች
ዘጠኝ መቶ ጻፈች፦ ስለ ኮከብ፣ ስለ ውል፣ ስለ ድልድይ ሸክም።
ስናነባቸው ጣታችን ነጭ ነው፤ ማስነጠሳችን አያቆምም።

አንድ ቀን እንዲህ አልኳቸው፦ በእኔ ቋንቋ «መልስ»
አንድም የጥያቄ ነው፣ አንድም ከሱቅ የሚመለስ
ሳንቲም። ምንም ያልከፈለ ምን መልስ ይመጣለታል?
ካሊና ኪሷን ገለበጠች፤ «እንቅልፌን ብከፍል ይሆናል?»

ሐሙስ ቅጹ ደረሰ። አራት መስመር ብቻ ነው ያለው።
አምስት ልጅ አለኝ። ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው።
ማታ አንዱን ስም ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣
ሌላውን ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፤
ለተማሪ የማስተምረው ሚዛን ለራሴ ሲያንስ አየሁ።

ጠዋት ዶብሮሚዋ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፤
የአራቱን ስም፣ በጥንቃቄ፣ በትልልቅ ፊደል ጻፈች።
«እኔ መልሱን ሁሉ አውቃለሁ። ጻፍኩታ! ለእኔ ጨዋታ አይሆንም።»
ዓይኗ ጥግ ላይ ነጭ ነገር ነበር።
ዱቄት ነው ብዬ አለፍኩ።
ዛሬም ዱቄት ነው እላለሁ።
ራሴን ስጠይቅ ግን መልስ የለኝም።

ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት። ሚኒባሱ ወደ ሉብሊን ተነሳ፤
አራቱ ከኋላ ተደራርበው፣ ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ገና እንቅልፍ ያልረሳ፤
አምስተኛዋ ከሾፌሩ ጎን፣ ከረጢቷን ታቅፋ።
ማንም አይናገርም። ጭጋጉ መንገዱን አጥፍቶ፣
ደወሉ በእኔ ቦርሳ ውስጥ፣
ባትሪው ሳይወጣ ተረስቶ።

ጎማው ጎድጓዳ መታ፤
ድርርርር!
አራት እጅ በጨለማ ተነሳ፣ ክዳን ፍለጋ፤
ቴርሞሱ ተንከባለለ፤ ሾፌሩ ማለ፤
ከዚያ ከጥጉ ወንበር አንድ ድምፅ፣ ከሁሉ ቀድሞ፣
ሳይፈራ፣ ሳያንዣብብ፣
ቲሞን፦ «ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ!» አለ።

ጥያቄ አልነበረም።

ዶብሮሚዋ ዞረች፤
በስልኳ መብራት ወረቀቶቿን አንድ በአንድ እያገላበጠች፣
ፈለገች፣ ፈለገች፣
«ትክክል» አለች።