ማን ልበል?

ዝናቡ ሳይቀር ከሰል አዝሎ የሚወርድበት፥
ሰው ጎረቤቱን በሳሉ የሚለይበት
የቤልጂግ ከተማ ነው። ጉድጓዱ ተደፍኗል፥ ስሙም ተረስቷል፤
እኔ ግን ሰማንያ አልፎኝም አንድ ሌሊቱ አልነጋልኝ ብሏል።

ከፖስታ ቤቱ ፎቅ፥ ምድጃው ከሚያጨስ ጠባብ ክፍል፥
ኦዲል ካርሊዬ ታድራለች፤ "ማን ልበል?" ስትል፥ "ማን ልበል?" ስትል።
ከፊቷ የእንጨት ሰሌዳ፥ አርባ ስምንት ቀዳዳ፤
የሐኪሙ፥ የቄሱ፥ የመሐንዲሱ ጓዳ
በነሐስ ተከቦ። በሁለት ጣቷ አንዱን ካንዱ ሰክታ
ከተማውን ከራሱ ታነጋግራለች፥ እስኪነጋ ከማታ።
ለብስክሌት ታጠራቅም ነበር፤ ቀይ፥ ደወል ያለው።
ይህን በመዝገብ ማንም አልጻፈው።

ኅዳር ነው፥ በሠላሳ ስድስት፥ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
የጋጋሪው የፊርመን ሚስት ምጥ ጠንቶባት
ባልዋ እጀታውን ያዞራል፤ ያዞራል፤ ክንዱ እስኪዝል።
መስመሩ ይተነፍሳል እንጂ "ማን ልበል?" አይል።
ወደ ሐኪሙ በእግሩ ሲሮጥ፥ የፖስታ ቤቱ በር
ገርበብ ብሎ፥ መብራቱ እንደበራ ነበር።

አባቴ፥ ኖርበር ደልፎስ፥ የከተማው ፖሊስ፥
ካፖርቱን ከሌሊት ልብሱ ላይ ደርቦ ሲደርስ
ያየውን በእርሳስ ጻፈ። ጽሕፈቱ አይንቀጠቀጥም፦
"ወንበሩ አልወደቀም። መስኮት አልተሰበረም።
ሻርፑ የራሷ ነው፤ አረንጓዴ፤ አንገቷ ላይ ሁለት ዙር።
ብርቱካን፤ ግማሹ የተላጠ። ከአርባ ስምንቱ አንዱ መስመር
እንደተሰካ ነው።"

እንደተሰካ።
አንድ ጆሮ ሰምቷል ማለት ነው። ወይም ጠርቷታል ሆን ብሎ፥
ሌላው ደረጃውን እስኪወጣ በወሬ አታሎ።

አባቴ ነቀለው።

ሞንስ ላለው ዐቃቤ ሕግ ሊደውል፥ ቸኩሎ ነቀለው፤
የትኛው ቀዳዳ እንደነበር ግን ቁጥሩን አልጻፈው።
"ከላይ ነው" አለ ያን ዕለት፤ "ከላይ፥ ወደ ቀኝ ያለው።"
በማግስቱ "ከመካከል መሰለኝ"። ከዚያ በኋላ ዝም ነው።

ባልቴቷ ሌዮካዲ መስመሯን በአትክልት መቀስ ቆረጠች፤
"ለምን ቆረጠች?" ተብላ ተጠረጠረች።
መሐንዲሱ ቴርዋን ሳይሰናበት ወደ ኮንጎ ተሻገረ፤
ቄሱ ስለ ምላስ ኃጢአት ሦስት እሑድ አስተማረ።
የታሰረው ኢግናሲ ሞሮዝ ነው፥ ከፖላንድ ለቁፋሮ የመጣው፤
እንኳን ስልክ፥ ቤቱ የሚዘጋ በር የሌለው።
ከሰባት ወር በኋላ ሲፈቱት ከሳንባው የተረፈ አልነበረም፤
ይቅርታ የጠየቀው የለም።

እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ውኃ ጠምቶኝ ተነሣሁ።
በጨለማው ኮሪደር እናቴን ቆማ አየሁ፤
የስልኩን ማዳመጫ በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጭና።
አትናገርም። ታዳምጣለች።
"ጠጪና ተኚ" አለችኝ፥ መናገሪያውን በመዳፏ ሸፍና።
ፊርመን በራችንን የደበደበው ከዚያ በፊት ይሁን ከዚያ ኋላ፥
ሰባ ዓመት ጠየቅሁት ያንን ሌሊት፤ ዛሬ አንድ ይለኛል፥ ነገ ሌላ።
ስለ ቀዩ ብስክሌት የነገረችኝም እናቴ ናት፤
ድንች እየላጠች፥ ሳልጠይቃት።
ከማን ሰማች?

ሁለቱም ሞቱ። እናቴ እስክትሞት ስልክ ስታነሣ
ቀድማ ቃል አታወጣም ነበር፤ ዝም፥ እንደ ዓሣ።

ሰሌዳው አሁን ሙዚየም ገብቷል፤ መግቢያው ሁለት ዩሮ።
ቁጥራችንን ፈለግሁ፥ አሥራ አንድ፥ ጣቴ ረድፉን ቆጥሮ፦
ከላይ።
ወደ ቀኝ።
ነሐሱ ቀዝቃዛ ነው፤ የጣቴን ጫፍ ይውጣል።

ጠባቂው ልጅ እግር ነው፤ ትሑት። የጎብኚ መዝገብ ይዟል።
ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀኝ፥ ጎንበስ እንደማለት ሲል፦
"እመት፥ ስምዎን ማን ልበል?"