ማዕዘኑ

አራዳ ከሱቄ፣ ከእንጨት ብናኝ መሐል፣
ቢያድግልኝ መጣ፣ ስልኩን ይዳብሳል።
«ይችን ሥራልኝ» አለ፣ አሳየኝ ሥዕሏን፤
አንድ ክንዷን ዘርግታ አጥፋለች ሌላውን፣
ግራጫ ከፋይ ለብሳ፣ እግሯ የማይታይ፣
ኤል ነው የሚሏት፣ ሁለት ግድግዳ ላይ።

እኔም እንደ ልማዴ ደረደርኩ ምርጫዎች፦
«ሦስት ሁለት አንድ አለ፣ ለጎጆ ወጪዎች፣
አንዱ ለኩርፊያ ነው፣ ሁለቱ ለእርቆች።
መጅሊሱም አይከፋም፣ ዝቅ ብሎ ይነጠፋል፣
ጫማ ደጅ ያስቀራል፣ ጨዋታ ያረዝማል።
ሶፋ አልጋ ልሥራልህ፣ እንግዳ ለበዛበት ሰው፣
ቀን ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ ነው።
ያ ደግሞ ባለ ቁልፉ፣ ጣልያን ትቶት የሄደ፣
ቆዳው እንደ ዳኛ ግንባር የጎደጎደ...»
ራሱን ነቀነቀ። «ኤሏን» አለኝ፣ «ኤሏን።
የሻረግ ቆርጣለች፣ አይታ የእህቷን።»

ቤቱን ልለካ ሄድኩ፣ ከቀሐ ማዶ ላይ፣
ድንጋይ በጭቃ ነው፣ ቆርቆሮው ከበላይ።
ሦስቱን ግድግዳ ዞሮ መደቡ ተጋድሟል፣
ማን የት እንደሚቀመጥ ጭቃው ራሱ ያውቃል፤
አባት ከመስኮቱ፣ አጎት ከምሰሶው፣
ታናሽ ከበሩ ሥር፣ የሚላላከው ሰው።
መስኮቱ ሥር ዛሬም ትንሽ ጎድጎድ ብሏል፤
አባት ካረፉ ግን ሰባት ዓመት ሞልቷል።

በዶማ አፈረስነው። ረዳቴ እንየው
«የተቀበረ ይወጣል» ብሎ ሲጠብቀው፣
አፈር ብቻ ወጣ፣ ከጭድ የተቦካ።
ያን ሁሉ ዘመን አፈር ኖሯል ለካ።

አጥንቷን ከባሕር ዛፍ፣ ሥጋዋን ከስፖንጅ፣
አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሠራኋት በእጅ።
መብራት በጠፋ ምሽት፣ በሻማ ጭላንጭል፣
አንዷን ምስማር ብቻ መታኋት አጉል፤
ገብታ ቀረች ጠማማ፤ ነገ እነቅላለሁ
አልኩና ከፋዩን አልብሼ ረሳሁ።

በሩ አላስገባ አለ፣ ያው እንደ ሁልጊዜው፤
የድሮ በር ለሰው እንጂ ለዕቃ መች ነው።
ከወገቧ ቆርጠን ለሁለት ከፈልናት፣
ውስጥ ገብተን በብሎን መልሰን አጋባናት።

ቀሪ ሒሳብ ነበረኝ፤ የጥምቀት ማግስት
ታቦት ከሸኙ በኋላ ሞልቶ ነበር ቤት።
ሞልቶ ነበር ስል ግን፣ ቆሞ ነበር ሰዉ፤
ማን ቀድሞ ይቀመጥ? ማነው የሚደፍረው?
አጎት የለመዱትን ፈለጉ በዓይናቸው፣
ጫፏ ላይ አረፉና «ዋጠችኝ!» አሰኛቸው።
ሴቶቹ በወዲያኛው፣ ወንዶቹ በዚህኛው፣
ማዕዘኑ ብቻ ቀረ፣ ሁሉም የሚሸሸው፤
እዚያ ጉልበት ከጉልበት ይጋጫልና፣
ደግሞም የማን እንደሆን አልተለየምና።
እናት ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ስበው
መሬት ተቀመጡ፣ ሶፋዋን ተደግፈው።
«ተነሽ እንጂ!» ቢሏቸው፣ «አረ ተዉኝማ፣
እስክንተዋወቅ ልቆይ ከዚሁማ።»

ቢያድግልኝና ታላቁ አደራጀው
በእርሻ ድንበር ሰበብ
ከተነጋገሩ ዓመት ከመንፈቅ ነው።
አንዱ በዚህ ክንፍ፣ አንዱ በዚያ ክንፍ።
«እስቲ እሱ ይቀመጥ» አለ አንድ ሰው።
ዘመድም አይደለሁ፣ እንግዳም አይደለሁ፣
ገንዘብ ልቀበል ነው የመጣሁ፤
እጄን ይዘው ማዕዘኑ ላይ ጣሉኝ።

ስንቱን ቤት አልብሼ፣ እቤቴ ያለው
ባለ ሦስት እግር አግዳሚ፣ አራተኛው ጡብ ነው፤
ከራሴ ሥራ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

ግራ ጉልበቴ ከታናሽ፣ ቀኙ ከታላቁ።
«ጠላ ጨምር በለው» አለ አንዱ በእኔ አሻግሮ።
«በቃኝ በለው» አለ ሌላው፣ አንገቱን አቀርቅሮ።
ቆይቶ ሳያውቁት ወሬው ተሻገረ፤
ስለ ጤፉ ዋጋ፣ ስለ ላሟ ነበረ፤
ስለ ድንበሩ ግን ማንም አልጀመረ።

እኔን ከወገቤ ወጋኝ አንድ ነገር።
አወቅኳት፣ ያቺ ናት፣ የዚያን ምሽት ምስማር።
ብነሣ ወሬያቸው ከመሐል ይቆማል፣
ብቀመጥ ከፋዩ፣ ሱሪዬም ይበሳል።
ተቀመጥኩ። መሸ። ሒሳቡም አልተነሣ።

«ምን ያቁነጠንጥሃል?» አሉኝ እናትየው።
«ምንም የለ፣ እማማ። እየተዋወቅን ነው።»