የደመና ዛጎል

ጎሕ ሳይቀድ ገፋናት ጀልባዋን ካሸዋ፤
ፋካኦፎ ሳትነቃ፣ ሳይጮኽም ዶሮዋ።
ሦስት ማዕበል ቆጥረን፣ ባራተኛው ቀዝፈን፣
ከኮራሉ አጥር ጠባቧን በር አልፈን፣
ሞተሩ አስነጥሶ ሳል ይዞት ተነሳ፤
እንዲህ እየጮኸ ይገኛል ወይ ዓሣ?

እኔ መሪ ያዝሁ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ፤
«ወንድምሽ ቢኖር» አለች ትናንትም እናቴ።
ወንድሜ ኦክላንድ ነው፤ ቱና ሲያምረው ማታ
ጣሳ ይከፍታል፣ በመንጠቆ ፋንታ።

አጎት ፋላኒኮ፣ ቁጥብ ዝምተኛ ሰው፣
ሣጥኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አበሰው።
ውስጡ አምስት ዛጎል፣ ጣት ጣት የሚያካክሉ፣
ከዕንቍ ቤት ግድግዳ የተፈለፈሉ፤
ከኤሊ ልባስ ላይ መንጠቋቸው ተስሎ፣
ጅራታቸው ላባ፣ በክር ተጠቅልሎ።
ሥጋም ትልም የለው፣ ጫፉም ሜንጦ የለም፤
ክር ላፍታ ቢላላ ዓሣው ያንተ አይደለም።

አንዱ ለማለዳ፣ ወተት የመሰለ፤
አንዱ ለቀትር ነው፣ አረንጓዴ ያዘለ፤
አንዱ እንደ ጢስ ነው፣ ጥቁር ቀላቅሎ፣
ሰማይ ሲከፋበት፣ ደመናውን አዝሎ።
የቀሩትን ሁለት ለመቼ እንደሆነ
ብጠይቀው ሳቀ፤ ነገሩን ሸፈነ።

እኔም በኪሴ ውስጥ ሮዝ ላስቲክ ዓሣ አለ፣
ካፒያ የመጣ፣ ዓይኑ የተሣለ።
አላሳየሁትም።

ከሩቅ ወፎች አየሁ፣ እንደ ሞቀ ገበያ፣
ሲጠልቁ፣ ሲነሱ፣ ሲጣሉ በዚያ።
ከታች ባሕሩ ፈልቷል፤ ደቃቁ ዓሣ ሸሽቶ፣
ወፉ ከላይ ጠብቆ፣ ቱናው ከሥር መጥቶ።

«ሱላታ፣ ቀስ በይ!» አለኝ።
«መሐሉን አትንኪ፤ በዳር በዳር ንጂ!
ዓሣ አይወድም ስድብ፤ ልመና ነው እንጂ።»

ወተቱን አሰረ፤ ጣለው ከቀርከሃ፣
ከነጭ አረፋው ላይ፣ ከሞተሩ ውሃ።
መጡ፣ ተከተሉ፤ ቀርበው አሽትተውት፣
ዋጋው እንዳስጠላ ዕቃ አይተው ተዉት።
ደግመን ዞርን። ተዉት። ሦስተኛም። ተዉት።

ቀና ብዬ ባየው፣ ደመና ወርሶታል
ፀሐይን፤ አጎቴ ወተቱን ይዞታል።
እንዴት ሳተ ብዬ ዞር ብዬ አየሁት፤
ያን ጊዜ ነው ዓይኑን ልብ ያልሁት፦
እዚያም፣ ብሌኑ ላይ፣ ደመና ወርዷል፤
የዛሬ አይደለም፤ ቆይቶ ተጋርዷል።

ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጨዋታ አስመስሎ፣
«ባሕሩ ምን ለብሷል?» አለኝ ዘንበል ብሎ።
«አታይም ወይ?» ብዬ እንዴት ላዋርደው?
(ሮዙም ኪሴ ውስጥ ነው፤ ልጥለው ብወደው።)
«ጢስ ለብሷል» አልሁት፤ «ከሰል መስሏል ዳሩ።»
ጣቶቹ ሣጥን ውስጥ ቀስ ብለው ዞሩ፤
አንዱን ባውራ ጣቱ ጀርባውን ዳሰሰ፤
ሌላውን አነሳ፤ ደግሞም መለሰ።
እጁን አልመራሁም። ራሱ አገኘው።

ገና ሳይርስ ነው ዘንጉ የጎበጠው፤
ቱናው ሳይዘገይ ነው ዛጎሉን የዋጠው።
አየር ላይ አንስቶ በብብቱ አቀፈው፤
ክሩ ሲላላለት መንጠቆው አለፈው።
አሥር ሆኑ፣ ሃያ፤ ጅራት ሲመቱበት
ቆርቆሮው ጀልባችን ሆነ የሠርግ ቤት።
ደም በደም ሆነናል፣ እጅም እግርም ፊት፤
አጎቴ ሲስቅ፣ ጥርሱ ላይ ቅርፊት።

ከዚያ፣ እንደ መጡት፣ ሰጠሙ ባንድ አፍታ፤
ወፎቹም ተነሱ፤ አበቃ ጫጫታ።

ከወደቡ ስንደርስ ዓሣው ተደረደረ፣
በየቤቱ ሰው ልክ እኩል ተቆጠረ።
ሌሊት የተወለደ የፔኔሄ ልጅ
ጥርስ የለው፤ ድርሻው ግን ደረሰው በናት እጅ።
ለኛም ያው ሦስት ነው። ላጠመደ ምርቃት የለም።

በዝናብ ውሃ ማታ ዛጎሎቹን አጠብሁ፤
ሣጥኑን ልመልስ በሩ ላይ ጠበቅሁ።
«ካንቺው ጋራ ይደር» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር፤
ሌላ ምንም አላለ፣ ስለ ዓይኑ ነገር።
ፋኖስ አስጠግቼ ያን ሁለቱን ሳገላብጥ፣
ሮዙንም ጨመርሁት፤ ስድስት ሆኑ ሣጥን ውስጥ።